«ምስር ይብላ የሞተልን» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

የሞላሌው፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ አነጋገር ከፋሲካ ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል፤ እስኪ አግዙኝ።

ዘንድሮ በዓሉን መንዝ፣ ሞላሌ፣ አያቴ ቤት ነው የዋልኩት። ቀዳም ሥዑር ጠዋት ነው። አያቴ ምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የዶሮውን ሽንኩርት ትከትፋለች። ከዓርብ ጀምሮ አክፍላለች፤ ጠብታ ውኃ አልቀመሰችም። የሽንኩርቱ እንባ በጉንጯ ሲወርድ በክንዷ ትጠርገዋለች። እንዲህ እያለች ደጅ ላይ ቃጭል ተሰማ። ቄሱና አንድ ትንሽ ዲያቆን ቄጤማ ታቅፈው ገቡ። ቄሱ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ፣ ትንሣኤሁ አግሀደ» አሉ። ልጁ ደግሞ በአማርኛው «እማማ፣ የምሥራች!» አላት።

እኔ «ምስር ብላ» ትለዋለች ብዬ ስጠብቅ፣ ቢላዋዋን አስቀመጠች፣ እጇን አደራረቀች፣ ቄጤማውን ተቀብላ ግንባሯ ላይ አሰረችና «ምስር ይብላ የሞተልን!» አለች። ከዚያ የመቀነቷን ጫፍ ፈትታ ለልጁ ብር ሰጠችው።

«ብላ» አላለችም፤ «ይብላ» ነው ያለችው። ለልጁ ሳይሆን ለጌታ ነው የተናገረችው። ይህ የታወቀ አባባል ነው ወይስ ያን ቀን ከአፏ የወጣ ነው? በመንዝ፣ በመርሐቤቴ፣ በቡልጋ የሰማ ካለ ይንገረኝ። ሌላም አለ። 55 ቀን ሙሉ ምስርና ሽሮ ስትበላ የከረመች ሴት፣ ፋሲካ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ደግሞ ምስር ብሎ ምርቃት ምንድን ነው?

ወለተ ደብረ ብርሃን፦

እንኳን አብሮ አደረሰን። «ይብላ» የሚለውን እኔ ሰምቼ አላውቅም። እኛ ጋ ሴት ስትወልድ ወይም ከሩቅ አገር ዘመድ ሲመጣ ሮጦ የሚናገረው ሰው «የምሥራች» ይላል፤ ሰሚው «ምስር ብላ» ወይም «ምስር ብዪ» ይላል። አለቀ።

ምናልባት ሁለት አነጋገር ይሆናል የሰማኸው። «ምስር ብላ» ብለው ለልጁ መልሰው፣ ቀጥለው «የሞተልን ይመስገን» ሊሉ ሲሉ ቃጭሉ ሸፍኖብህ ቢሆንስ?

የሞላሌው፦

አይደለም እታለም። ቃጭሉ ቆሟል። «ይ»ዋን አጥርቼ ሰምቻለሁ። ለዚያውም የአያቴ ድምፅ ከአንድ ተራራ ሌላው ላይ የሚሰማ ነው።

ዘአንኮበር፦

እኔ ዕድሜዬን በቅኔ ቤት የፈጀሁ ሰው ስለሆንኩ ከሥሩ ልጀምር። ፊደሉ ሳይስተካከል ትርጉም አይገኝም።

«የምሥራች» በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው። ግንዱ የግእዙ «አብሠረ» ነው፤ «ብሥራት» ከዚያ ይወጣል። ታኅሣሥ 22 የምናከብረው ብሥራተ ገብርኤል ማለት ነው። ብ ወደ ም ትሄዳለች፤ «እብነ በረድ» ብለን ጀምረን «እምነ በረድ» እንደምንለው። ት ደግሞ ወደ ች ትሄዳለች፤ የግእዙ «አንቲ» በአማርኛ «አንቺ» እንደሆነች። እንግዲህ ብሥራት፣ ምሥራት፣ ምሥራች።

የሚበላው ምስር ግን በእሳቱ ሰ ነው። ስለዚህ እኔ የምለው፣ መልሱ ላይ ያለችው «ምሥር» እህሏ አይደለችም። የምሥራቹ ግንድ ናት። «ምሥር ብላ» ማለት «የምሥራችህን ዋጋ ብላ» ማለት ነው። ያመጣኸው ወሬ ያብላህ እንደማለት። ሕዝቡ ግንዱን ሲረሳው እህሉ መሰለው።

የጅሩ ገበሬ፦

የኔታ፣ በአክብሮት ነው የምቃወመዎት። እኔ ምስር የምዘራ ሰው ነኝ፤ ምስርን ከአፌ ላይ አይውሰዱብኝ።

እኛ ጋ ሞረትና ጅሩ ላይ ምስር የሚዘራው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። መረሬው፣ ጥቁሩ አፈር፣ የያዘውን እርጥበት እየጠጣ ያድጋል። ሲደርስ በእጅ ነው የሚነቀለው፤ ጎንበስ ብለህ ከዋልክ ወገብህ ወገብ አይሆንም። ገበያ ላይ ከባቄላና ከአተር በላይ ያወጣል። እናቴ ምስሩን ለሽያጭ ታስቀምጥና ለእኛ የባቄላ ክክ ትሠራልን ነበር። ምስር የሚወጣው እንግዳ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ለምሥራች ነጋሪ «ምስር ብላ» ማለት «ለገበያ ያስቀመጥኩትን ላንተ አወጣለሁ» ማለት ነው። አዲስ አበባ ላሉት ምስር የጾም ቀን ወጥ ስለሆነባቸው ቀለለባቸው እንጂ ለገበሬ እንደዚያ አይደለም።

ለነገሩ ዔሳው ብኩርናውን የሸጠው በምን ነበር? በምስር ወጥ አይደል?

ይፋቴው፦

ሁላችሁም ከእርሻው አልወጣችሁም። ምስር አገር ነው! በድሮው ዜና መዋዕል ግብፅን ምስር ይሏታል። «መብላት» ደግሞ መሾም ነው፤ ጎጃምን በላ፣ ሸዋን በላ ሲባል ግብሩ ለእሱ ገባ ማለት ነው። ንጉሥ የምሥራች ላመጣለት ሰው «ምስርን የሚያህል አገር ብላ» አለው። ከዚያ የበለጠ ሹመት የለም።

ይህንም አስቡት። እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ ሊቀ ጳጳሳችን የሚመጣው ከግብፅ ነበር። አቡነ ባስልዮስ እስኪሾሙ ማለት ነው። ጳጳስ ሲሞት ሌላ እስኪመጣ ቄስና ዲያቆን የሚክን አይገኝም። ዓመታት ይጠበቃል። «ጳጳስ ከምስር መጣ» የሚለው ወሬ ምን ዓይነት የምሥራች እንደነበር እናንተው ፍረዱ።

ዘአንኮበር፦

ወንድሜ፣ አገር ከሆነ «ን» የታለ? አንተ ራስህ «ጎጃምን በላ» ብለህ ጻፍክ። የታወቀ ስም ተሳቢ ሲሆን «ን» ይፈልጋል። «ምስርን ብላ» መባል ነበረበት። «ምስር ብላ» ያለ «ን» ከሆነ ያልተወሰነ ነገር ነው፤ «ዳቦ ብላ» እንደማለት።

ይፋቴው፦

በአባባል ውስጥ «ን» ይወድቃል። ፎካሪ «ጎጃም በላ» ቢል ማን ያርመዋል?

ዘአንኮበር፦

ፎካሪ ቤት ለመምታት ይጥለዋል። ሮጦ የመጣ ሰው ደጅ ቆሞ እያለከለከ ሰሚው ቤት የሚመታበት ምን ምክንያት አለው?

ወለተ ደብረ ብርሃን፦

የኔታ፣ እሱ እኮ ነው ነገሩ። ቤት ለመምታት ነው!

«እንቆቅልሽ» ሲባል ምን እንላለን? «ምን አውቅልሽ»። «ተረት ተረት» ሲባልስ? «የላም በረት»። ላሟ ከተረቱ ጋር ምን ዝምድና አላት? የላትም። ድምፁን ተቀብሎ መመለስ ነው። «የምሥራች» ሲሉህ የመጀመሪያዋን ድምፅ ይዘህ «ምስር ብላ» ትላለህ። ሰምቻለሁ፣ ተቀብያለሁ፣ እኔም ከአንተ ጋር ነኝ ማለት ነው። የእህሉም የአገሩም ጉዳይ ከዚያ በኋላ የመጣ ይመስለኛል።

ይፋቴው፦

«የላም በረት»ም ላም ያለበት በረት ነው እኮ። ትርጉም የለውም አይባልም። ደግሞ ያለ «ን» የሚነገሩ አባባሎችን ዘርዝሬ እመጣለሁ።

የግሪክኛው፦

ዘግይቼ ነው የገባሁት፤ ግን የዘአንኮበር ሐሳብ ከሌላ በኩል የሚደግፈው ነገር ስላለ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ወንጌል» የሚለው ቃላችን ከግሪኩ «ኤዋንጌሊዮን» የመጣ ነው። «ኤው» መልካም ነው፣ «አንጌሊያ» መልእክት ነው፤ መልአክን «አንጌሎስ» የሚሉትም ከዚሁ ነው። ይህን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የማይወራው ግን ይህ ነው፦ በጥንቱ ግሪክኛ፣ ሆሜር በተባለው ባለቅኔ ግጥም ውስጥ፣ ኤዋንጌሊዮን ማለት ወሬው አልነበረም። ለወሬ ነጋሪው የሚሰጠው ሽልማት ነበር። አንድ የተጎሳቆለ እንግዳ «ጌታችሁ ይመለሳል» ብሎ ሲናገር ለዚህ ኤዋንጌሊዮኑ ካባና ቀሚስ እንዲሰጡት ይጠይቃል። በኋላ ነው ቃሉ ከሽልማቱ ወደ ወሬው የተሻገረው።

ዕብራይስጡም እንዲሁ ነው። የእኛ ብሥራት ወንድም የሆነው «ብሦራ» ወሬውም ዋጋውም ነው። ሁለተኛ ሳሙኤል 4 ላይ ዳዊት፣ ሳኦል ሞተ ብሎ የምሥራች ያወራ የመሰለውን ሰው በጺቅላግ እንዴት እንደገደለው ሲናገር «የምሥራቹ ዋጋ» የሚለው አለ። ዓረብኛውም «ቢሻራ» ሲል ለነጋሪው የሚሰጠውንም ይጨምራል።

እንግዲህ ግሪኩ፣ ዕብራዊው፣ ዓረቡ፣ ሁሉም ወሬውንና የነጋሪውን ድርሻ በአንድ ቃል ይዘዋል። እኛ ደግሞ «የምሥራች» እና «ምስር ብላ» ብለን ለሁለት ከፈልነው።

ዘአንኮበር፦

ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥህ። ግንዱ ዋጋ ነው ማለት ነው።

የጅሩ ገበሬ፦

ዋጋ መሆኑን ማን ካደ? ዋጋው ምስር ነበር ነው የምለው።

የሞላሌው፦

ሁሉም ደስ ይላል፣ ግን ጥያቄዬን አትርሱብኝ። «ይብላ»።

የግሪክኛው፦

እሱን አያትህ ናቸው የሚያውቁት። እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ከቃሉ በላይ ነው የማየው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9 ዓመት አካባቢ፣ ትንሹ እስያ ውስጥ ፕሪዬኔ በምትባል ከተማ የተቀረጸ ድንጋይ አለ። የአውግስጦስ ቄሣር ልደት ለዓለም የምሥራች መጀመሪያ ሆነ ይላል። ቃሉ ያው ኤዋንጌሊዮን ነው። ያን ጊዜ የምሥራች ማለት ቄሣር ተወለደ፣ ቄሣር አሸነፈ፣ ግብር ጨምሩ ማለት ነበር። ሉቃስ ምዕራፍ 2ን ሲጀምር ይህንኑ አውግስጦስን በስሙ ይጠራዋል። ከዚያ ጥቂት ቁጥሮች አልፎ መልአኩ ለእረኞች «ታላቅ ደስታ የምሥራች እነግራችኋለሁ» ይላል። ለእረኞች! በሌሊት፣ ሜዳ ላይ ላደሩ ሰዎች። ምስር የሚያበሉት ቤት እንኳ አጠገባቸው የለም።

ወለተ ደብረ ብርሃን፦

እረኞቹ ስትል የመንዝ እረኛ ነው የታየኝ። በብርድ ባና ተከናንቦ፣ በጎቹ መሐል።

የጅሩ ገበሬ፦

ስለ ብሥራት ካነሳችሁ አይቀር፣ እኛ ወረዳ ደብረ ብሥራት የሚባል ገዳም አለ። የአቡነ ዜና ማርቆስ ነው። ዜናም ብሥራትም በአንድ ቦታ! ልጅ ሆኜ ስሙን ሲጠሩ «ዜና» የሬዲዮ ዜና ይመስለኝ ነበር። አባቴ ነው «ወሬ ሳይሆን ምሥራች ነው» ብሎ ያስረዳኝ።

ዘአንኮበር፦

አባትህ ትክክል ናቸው፤ ግን «ወሬ»ንም አናንቋሽሽ። ኢሳይያስ 52 ላይ፣ አማርኛው «የመልካምንም ወሬ የምሥራች የሚናገር» ይላል። ወሬ ቡና ላይ የሚወራ ብቻ አድርገነው ነው እንጂ፣ ወሬ ማለት የሆነ ነገር መነገሩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፣ በደንብ አስተውሉልኝ። በቅኔ ቤት አንቀጽ ስንማር ኃላፊ፣ ትንቢት፣ ዘንድ፣ ትእዛዝ እንላለን። አሁን የትንሣኤውን ሰላምታ በሉት፦

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን፣
በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን፣
አሠሮ ለሰይጣን፣
አግዐዞ ለአዳም፣
ሰላም፣
እምይእዜሰ፣
ኮነ፣
ፍሥሓ ወሰላም።

ግሦቹን ልቀሙ። ተንሥአ፣ ተነሣ። አሠሮ፣ አሠረው። አግዐዞ፣ ነጻ አወጣው። ኮነ፣ ሆነ። አራቱም ኃላፊ ናቸው። አንድም ትእዛዝ አንቀጽ የለበትም! «ጹሙ» አይልም፣ «ስገዱ» አይልም፣ «ተጠንቀቁ» አይልም። አርባ ዓመት እየመለስኩት ይህን ያየሁት በቅርብ ነው፤ ያየሁ ዕለት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አዳም የታሠረበት ተፈታ ይላል። ማን ፈታው? ራሱ አይደለም። ለአዳም፣ ተሳቢ ነው። አዳም እዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሠራው አንዳች ነገር የለም። ጾሙም ስግደቱም ያስፈልጋል፣ እኔም እጾማለሁ፤ ግን እነሱ ከወሬው በኋላ ናቸው። ወሬው ራሱ የተፈጸመ ነው።

የግሪክኛው፦

እኔ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝ፤ ይህንን ከእርስዎ ስሰማ እጅግ ደስ ብሎኛል። ጳውሎስ በመጀመሪያ ቆሮንቶስ 15 ወንጌሉን ሲያሳጥረው እንዲሁ ነው የሚያደርገው፦ ክርስቶስ ስለ ኃጢአታችን ሞተ፣ ተቀበረም፣ በሦስተኛው ቀን ተነሣ። ሞተ፣ ተቀበረ፣ ተነሣ። ሁሉም ሆኗል። ሰባኪ ግን ብዙ ጊዜ ይህን ለሁለት ደቂቃ ብሎ የቀረውን ሰዓት ምክር ያደርገዋል። የምሥራች ሊሰማ የመጣ ሰው ተግሣጽ ጠጥቶ ይሄዳል።

ዘአንኮበር፦

«ስለ ኃጢአታችን» የምትለዋ «ስለ» ግን ራሷን የቻለች ጉዳይ ናት። «ስለ» በአማርኛ ምክንያትም ናት፣ ፋንታም ናት። «ስለ ልጄ ብዬ» ስትል ሁለቱንም ነው።

ይፋቴው፦

ጳውሎስ ላይ ደረሳችሁ! እኔ ገና «ን» ላይ ነኝ። «ቡና ጠጡ» ሲባል «ን» አለ? የለም።

ዘአንኮበር፦

ቡና አገር ከሆነ እንነጋገራለን።

ወለተ ደብረ ብርሃን፦

«ስለ» ላይ ቆዩልኝ። ይህችን ቃል ሳስብ የሚመጣብኝ «እኔን!» ነው።

ልጅ ሲደናቀፍ እናት ምን ትላለች? «እኔን!»። ዓረፍተ ነገሩ አያልቅም። ተሳቢ ብቻ፣ ግሥ የለውም። ይድፋኝ፣ ያግኘኝ፣ የሚለው ተውጦ ቀርቷል። የአንተ ድንጋይ እኔን ይምታኝ ማለት ነው። ባለፈው ክረምት ጭቃው ላይ አንሸራቶኝ ከማላውቃት አሮጊት ደጅ ፊት ወደቅኩ። «እኔን! እኔን ልጄ!» እያሉ ዱላቸውን ጥለው መጡ። እሳቸው ራሳቸው ቢወድቁ የማይነሡ ናቸው። ግን የምር ነው ያሉት። በዚያች ደቂቃ ሊወድቁልኝ ፈልገዋል።

ሁላችንም እንላለን፤ አንዳችንም ግን አንችልም። ጉልበቴ ቆስሎ ነው ቤቴ የገባሁት። «እኔን» የምንለው እንደማይሆን እያወቅን ነው።

የጅሩ ገበሬ፦

ወይ እህቴ። አሁን አንድ ነገር አስታወስሽኝ። ሁለተኛ ሳሙኤል 18ን አንብቡት። እዚያ የምሥራች ነጋሪዎች ይሽቀዳደማሉ። አኪማአስ ልሩጥ ይላል፤ የዳዊት ጦር አለቃ ኢዮአብ ግን መጀመሪያ የሚልከው ኩሲውን ነው፤ ኋላ አኪማአስንም ይፈቅድለታል። ኩሲው የኩሽ አገር ሰው ነው፤ የእኛው ወገን ነው ብለን እንመካበታለን። ሁለቱም ሮጠው ለዳዊት የምሥራች ይላሉ፤ ልጅህ አቤሴሎም ያስነሣብህን ጦርነት አሸንፈሃል። ዳዊት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠይቀው፦ ልጄ ደኅና ነው? ኩሲው እውነቱን ሲነግረው ንጉሡ ወደ ላይኛው ቤት እየወጣ ይጮኻል። «ልጄ አቤሴሎም፣ ምነው በአንተ ፋንታ እኔ በሞትኩ!»

ያው «እኔን» ነው። ንጉሥ ሆኖ፣ ሠራዊት ይዞ፣ «እኔን» አለ። አልሆነለትም። የምሥራች ይዘው የሮጡት ሁለት ሰዎች ምስር ሳይበሉ ቀሩ፤ ከተማው ሁሉ ለቅሶ ገባ።

ወለተ ደብረ ብርሃን፦

አሁን ገባኝ፤ ስጽፈው እንኳ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። ዳዊት ያቃተውን የዳዊት ልጅ አደረገው። «እኔን» አለና ግሡን ጨረሰው። እሱ ተመታ፣ እኛ ተነሣን። ወንጌል ይኸው ነው፤ ለእኔ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገኝም። የሞላሌው አያት «የሞተልን» ያሉት ያቺ «ል» እኮ ናት። የሞተ አላሉም። የሞተ-ል-ን። ሰው ሁሉ ይሞታል። «ል»ዋን የጨመረ አንድ ነው።

ዘአንኮበር፦

«ል» ስትሆን ለጥቅም፣ «ብ» ስትሆን ለጉዳት ናት። «ሞተልን» እና «ሞተብን»። ዓርብ ዕለት ደቀ መዛሙርቱ «ሞተብን» ብለው ነው በር የዘጉት። እሑድ ነው በ«ል» የተለወጠው። ፊደል አትናቁ የምለው ለዚህ ነው።

የሞላሌው፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ይህን ለአያቴ አነብላታለሁ። ግን አሁንም፣ የሞተልን ምስር የሚበላው እንዴት ነው? ሌላ ሰው ሰምቶ ያውቃል ወይ?

ተማሪ፦

አንባቢ ብቻ ነበርኩ፤ አንድ ጊዜ ልናገር። ሉቃስ 24። ከተነሣ በኋላ ገብቶ በመካከላቸው ቆመ። ከደስታ የተነሣ ገና ማመን ሲያቅታቸው «በዚህ አንዳች የሚበላ አላችሁን?» አላቸው። የተጠበሰ ዓሣና የማር ወለላ ሰጡት። ተቀብሎ በፊታቸው በላ።

የምሥራቹን ይዞ የመጣው ራሱ ነው። የሚበላ የጠየቀውም ራሱ ነው።

የሞላሌው፦

ቆይ። ቆይ እስኪ። ይህን አላሰብኩትም።

ወለተ ደብረ ብርሃን፦

እኔም።

የጅሩ ገበሬ፦

ዓሣና ማር ነው የበላው። ምስር ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ያልቅ ነበር። (ይቅርታ፣ ግን እውነት ነው።)

የግሪክኛው፦

ልብ በሉ፣ ለምን በላ? መንፈስ መስሏቸው ስለነበር ነው። ሥጋና አጥንት እንዳለው አሳያቸው፤ ያ አልበቃ ሲል በላ። የሚበላ ሰው ሞቶ የቀረ ሰው አይደለም። ስለዚህ «ይብላ» ማለት «በእውነት ተነሥቷል» ማለት ይሆናል። የአያትህ አባባል ከዚያ የመጣ ነው አልልም። እሳቸው ሉቃስ 24ን ሲነበብ ስንቴ እንደሰሙት ግን እግዚአብሔር ያውቃል።

ዘአንኮበር፦

ሌላም መንገድ አለ። የምሥራች ዋጋው ለነጋሪው ነው ብለናል። አያት ግን ዋጋውን ከነጋሪው አልፈው ለባለቤቱ ሰጡት። ልጁ ዲያቆን ቃጭል መታ እንጂ አልሞተላቸውም። ስለዚህ ለልጁ ብር፣ ለጌታው ምስር። ሰዋስዉ ይህን ይቀበለዋል፤ «ይብላ» ሦስተኛ መደብ ትእዛዝ ነው፣ ባለቤቱ «የሞተልን» ነው፣ ከኋላ የመጣው ለማጉላት ነው።

ይፋቴው፦

«ምስር ይብላ የሞተልን» ላይም «ን» የለም! ሁሉም ዓይነት ምስር ያለ «ን» ነው የሚበላው። ግን የአያት አነጋገር የእኔን ሐሳብ አያፈርስም፤ ጌታ ከሄሮድስ ሸሽቶ ግብፅ ወርዶ የለ? ምስርን ይብላ ማለት ምስርን ይግዛ፣ ዓለምን ሁሉ ይግዛ ማለት ነው። ንጉሥ ነው ብላችሁ የለ?

ዘአንኮበር፦

...ይህችኛዋን አልጥላትም። «ን»ህን ግን አልቀበልም።

የጅሩ ገበሬ፦

የኔታ ለይፋቴው ግማሽ ሰጡት! ለእኛ ለጅሩዎችም ሩብ ይገባናል።

የሞላሌው፦

ትናንት ማታ ደወልኩላት። ስልኩን ጎረቤት ልጅ ነው የሚይዝላት፤ በስንት ጥሪ አገኘኋት። «እማማ፣ ቀዳም ሥዑር ለዲያቆኑ ምን ብለሽ ነበር የመለስሽለት?» አልኳት።

«ምን አልኩት?» አለችኝ።

«ምስር ይብላ የሞተልን አልሽ።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «እኔ እንጃ ልጄ። አክፍዬ ነበር፣ አፌ ያለውን አላውቅም» አለች። በመንዝ እንዲህ ይባል ነበር ወይ ስላት «እናቴ ምስር ብላ ነበር የምትለው» አለች። እሷ ራሷስ ሁልጊዜ እንዲህ ትላለች ወይ? «አላውቅም አልኩህ እኮ!» ብላ ተቆጣች።

ዳዊትን፣ ኩሲውን፣ ሉቃስን በአጭሩ ነገርኳት። «እኔን»ን ስነግራት «እህ» አለች። ዓሣና ማሩን ስነግራት ደግሞ «ምስኪን፣ ርቦት ነበር» አለች። ሦስት ቀን ስላልበላ ማለቷ ነው። ከዚያ ስለ ዝናቡ ጠየቀችኝ።

ቄጤማውን አልጣለችውም፤ ምሰሶው ላይ አስራዋለች። ደርቋል አለች።

ወለተ ደብረ ብርሃን፦

«ርቦት ነበር»! ወይኔ እማማ።

ዘአንኮበር፦

አክፍላ የነበረች ሴት ናት እንደዚያ የምታነበው። እኛ መጽሐፉን ከጠገብን በኋላ ነው የምናነበው።

የጅሩ ገበሬ፦

የሞላሌው ወንድሜ፣ ጅሩ ለገበያ የምትወጣ ከሆነ በውስጥ ጻፍልኝ። ለእማማ አንድ ቁና ምስር አለኝ። የዘንድሮ ነው፣ ተለቅሟል።

ይፋቴው፦

ምስር «ን» ያስፈልጋታል ብላችሁ ነው? ዝርዝሬን ሳልጨርስ አትዝጉት፤ ነገ እመለሳለሁ።